ቀለሙ ከምን ተሠራ? በሳምንት ገበያ ስለሚሸጡ የፀጉር ማቅለሚያዎችና ስለ ምርምራችን አቅጣጫ

በምሥራቅ ጎጃም «ቀለም» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ትምህርትን ነው። «ቀለም የዘለቀው»፣ «የቀለም ቀንድ» እያልን የምናወድሰው ሊቁን ነው። ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን በመሳሰሉ ገዳማት በሚታወቅ አገር ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ለኬሚስትሪ ተማሪ ግን ቃሉ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በብራና ላይ ያለው ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥቀርሻ የሚገኝ ካርቦን ነው። ካርቦን ከብራናው ጋር አይዋሐድም፤ በሙጫ ተይዞ በላዩ ተለጥፎ ይቀመጣል። በብርሃን አይደበዝዝም፣ ከአየርም ጋር አይለወጥም። ለዘመናት ሊነበብ የቻለውም ስለዚህ ነው። ዛሬ ሽበትን ለማጥቆር የሚሸጠው ቀለም ግን ባሕርዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥራውን የሚሠራው ከሚነካው ነገር ጋር እየተዋሐደ፣ በሚነካው ነገር ውስጥ እየተለወጠ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን በቋንቋ ረገድ ምንም ጉዳት የለውም፤ በጤና ረገድ ግን አለው።

ሮብ ገበያ ስሙ እንደሚነግረን የረቡዕ ገበያ ነው። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ እንዳሉት እንደ ማናቸውም የሳምንት ገበያዎች፣ ከእህሉ፣ ከቅቤውና ከበርበሬው ጎን አነስተኛ ሸቀጥ በመሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም፤ መስተዋት፣ ማበጠሪያ፣ ምላጭ፣ የፀጉር ቅባት፣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ የፀጉር ቀለም። በእሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ የዐረብኛ፣ የሕንድ፣ የቻይንኛ ወይም የእንግሊዝኛ ይሆናል። ገዢዋ «ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ «ሂና ነው፤ ለሽበት ነው» የሚል ነው። ይህ አስተያየት የተጻፈው ስለዚህ መልስ ነው። መልሱ በብዙ አጋጣሚ ስሕተት መሆኑን ኬሚስትሪ ገበያ ሳይወርድም ሊነግረን ይችላል። የእሽጉን ውስጥ በትክክል ለማወቅ ግን መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህን የመመርመር ግዴታ ደግሞ ከማንም በፊት በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ሊወስዱት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከምናውቀው እንጀምር። የደጋው ሴት እጇንና እግሯን ለማስዋብ ስትጠቀምበት የኖረችው እንሶስላ ነው። ተክሉ እርጥበትና ጥላ ባለበት ቦታ የሚበቅል፣ ሥሩ የወፈረ ነው፤ የሚወቀጠውና የሚታሰረውም ይኸው ሥሩ ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ አቢሲንያ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተክል ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ብሎ ሰይሞታል። ሁለተኛው ቃል በላቲን «የማቅለሚያ» ማለት ነው፤ ሳይንሱ ስሙን የወሰደው ከሴቶቹ ሙያ ነው ማለት ይቻላል። የእንሶስላ ወገን የሆኑ ተክሎች የሚታወቁበት የቀለም ውሕድ የናፍቶኩዊኖን ዘር ሲሆን፣ ከእነዚህ ዋነኛው በሂና ቅጠል ውስጥም የሚገኘው ሎሶን ነው። ሎሶን ዐሥር የካርቦን፣ ስድስት የሃይድሮጅንና ሦስት የኦክስጅን አተሞች ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ነው። በቆዳና በፀጉር ውስጥ ካለው ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል። መዳፍና የእግር ውስጥ ከሌላው የሰውነት ክፍል ይበልጥ የሚቀሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያ ያለው የኬራቲን ንብርብር ወፍራም ነውና።

ከዚህ ውስጥ ለገበያዋ ሴት የሚጠቅሙ ሁለት እውነቶች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ሎሶን ጊዜ ይፈልጋል፤ እንሶስላ ታስሮ የሚታደረው በከንቱ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሎሶን ብቻውን ጥቁር አይሰጥም። የሚሰጠው ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለውን ነው። በሽበት ላይ ቢቀባ ሽበቱ ይቀላል እንጂ አይጠቁርም። ስለዚህ «ሂና» ተብሎ የተሸጠ ዱቄት ፀጉርን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሰል ካስመሰለው፣ በውስጡ ሂና ያልሆነ ነገር አለ። በሥርዐት የተዘጋጀ ከሆነ ኢንዲጎ ከተባለው ተክል የተገኘ ሰማያዊ ቀለም ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። በርካሽ ዋጋ፣ በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ ከሆነ ግን በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ፓራፌኒሊንዲያሚን ወይም በአጭሩ ፒፒዲ የተባለው ነው።

ፒፒዲ በተፈጥሮ የሚገኝ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦገስት ቪልሄልም ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1863 ያዘጋጀው፣ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ኬሚስትሪ ካፈራቸው ውሕዶች አንዱ ነው። በ1883 በፓሪስ ለፀጉርና ለጠጉር ቆዳ ማቅለሚያነት የባለቤትነት መብት ወጣበት። በ1909 ኦዠን ሹለር የተባለ ወጣት ኬሚስት በኋላ ሎሬያል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው በዚህ ዓይነቱ የፀጉር ቀለም ሥራ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ፒፒዲ ራሱ ቀለም አይደለም፤ ቀለም የሚሆነው በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አማካይነት ኦክሳይድ ሲሆን ነው። አሞኒያው የፀጉሩን የላይ ቅርፊት ያሳብጠዋል፤ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚያ ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሲገናኙ ይለወጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ሆነ ሬዞርሲኖልን ከመሰሉ ተባባሪዎች ጋር ይያያዛሉ፣ ይገዝፋሉ፣ ጥቁር ይሆናሉ። ከገዘፉ በኋላ ተመልሰው መውጣት አይችሉም። ቀለሙ በመታጠብ የማይለቀው ለዚህ ነው። ይህን ምላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ተማሪ ብልኀቱን ሳያደንቅ አይቀርም፤ እኔም አደንቃለሁ።

ችግሩ፣ ወደ ፀጉር ለመግባት የሚያበቃው ትንሽነት ወደ ቆዳም ያስገባዋል። በቆዳ ውስጥ በመለወጥ ላይ ያለው ሞለኪውል ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ የመከላከያ ሥርዐታችንም ይህን የተለወጠ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። መጀመሪያ ሲነካ ምንም ላይታይ ይችላል። በሁለተኛው ወይም በዐሥረኛው ጊዜ ግን የራስ ቆዳ ያሳክካል፣ ይቆስላል፣ ፊትና የዓይን ቆብ ያብጣሉ። «ከዚህ በፊት ተቀብቼው ምንም አልሆንሁም» የሚለው ንግግር በዚህ ጉዳይ ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ ከፒፒዲ ጋር የሚመሳሰሉ አንዳንድ ማደንዘዣዎችና የልብስ ቀለሞች ሲነኩትም ሊቆጣ ይችላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 «ላሽ ሉር» የተባለ፣ ይህን የመሰለ ቀለም ያለበት የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ሴቶችን አሳውሯል፤ ሕይወትም አጥፍቷል። በ1938 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የውበት መጠበቂያ ሕግ ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው ጉዳት ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ላይ በሚቀባው ድብልቅ ውስጥ ያለው ፒፒዲ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። በዱቄት መልክ ከሂና ጋር የሚደባለቀው ግን ልክ የሚባል ነገር የለውም። በጎረቤታችን በሱዳን በጠጣር መልኩ «ድንጋይ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በዚያ አገር ሐኪሞች ከዋጡት ሕፃናትና ዐዋቂዎች የተነሣ ስለ መመረዙ ብዙ ጽፈዋል። ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ፊት፣ ምላስና አንገት ያብጣሉ፣ የመተንፈሻ መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሕይወት የሚተርፈው የመተንፈሻ መንገዱ በጊዜ ከተከፈተና ኩላሊቱ ከተረዳ ነው። ከገበያ የተገዛው ከረጢት ከስኳርና ከቡና ጋር በአንድ መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያም አንገቱ ያበጠና ሽንቱ የጠቆረ ሕመምተኛ ሲገጥመው ስለ ፀጉር ቀለም መጠየቅ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል።

ስለ ማለስለሻዎች አጠር አድርጌ ልናገር። የፀጉርን ጥቅልል ቅርፅ የሚጠብቁት በኬራቲን ሰንሰለቶች መካከል ያሉ የድኝ ድልድዮች ናቸው። ክሬሙ እነዚህን ድልድዮች በኃይለኛ ኮስቲክ ያፈርሳል፤ ሁለት የድኝ አተሞች የነበሩት ትስስር ባለ አንድ ድኝ የሆነ ላንቲዮኒን ወደሚባል ትስስር ይለወጣል፣ ፀጉሩም በተበጠረበት ቅርፅ ይቀራል። የሚሠራበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ የፒኤች መጠኑም ከ12 በላይ ነው። «ሶዳ የለበትም» ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድንና ጓኒዲን ካርቦኔትን በመቀላቀል ሌላ ኃይለኛ ቤዝ የሚፈጥር ነው። ስሙ እውነት ነው፤ ከስሙ የሚወሰደው ትርጉም ግን እውነት አይደለም። «ኬራቲን» በሚል ስም በጋለ ብረት የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያተናል፤ ይህም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጡ ነገሮች መካከል ያስቀመጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመ፣ 33,497 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ዘንድ የማሕፀን ካንሰር እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የመከሠት ዕድል 4.05 በመቶ፣ ፈጽሞ ባልተጠቀሙት ዘንድ 1.64 በመቶ መሆኑን ገምቷል። ይህ ዝምድናን ያሳያል እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ሆኖም ችላ የሚባል ልዩነት አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከደንበኛዋ ይልቅ የምታሳስበኝ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ደንበኛዋ በወር አንድ ጊዜ የምትነካውን እርሷ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ጓንት፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ትነካዋለች፣ ትተነፍሰዋለች። ከላይ የጠቀስሁት ኤጀንሲ የግል የፀጉር ቀለም ተጠቃሚነትን በካንሰር አምጪነት ለመመደብ ማስረጃው በቂ አይደለም ሲል፣ የፀጉር ሠሪነትን ሙያ ግን «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚላቸው መካከል መድቦታል። በየወረዳው ከተማ ፀጉር ቤት የሚከፍቱት ወይም የሚቀጠሩት ሥራ ያጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም የእኛው ተመራቂዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚሰነዘርብኝን የመጀመሪያ ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ «እንግዲያው ወደ ተፈጥሮው እንመለስ፤ ቅቤውና እንሶስላው ምን ጎደላቸው?» የሚል ነው። በዚህ አልስማማም። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል፤ ሽበትን ግን አያጠቁርም፤ ሽበቷን መደበቅ የፈለገችን ሴት ቅቤ ተቀቢ ማለት ጥያቄዋን አለመስማት ነው። ከዚህም በላይ ተፈጥሯዊነት የደኅንነት ምስክር አይደለም። ለዓይን የምንኳለው ኩል ብዙ ጊዜ የእርሳስ ሰልፋይድ ያለበት ማዕድን ነው። ሎሶንም ቢሆን ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈርስ እንደሚችል ታውቋል። አያቶቻችን ያወረሱን ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። መመርመር ያለበት የእሽጉ ዱቄት ብቻ አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕግ አለ የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም ያካትታል፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ። ነገር ግን ቁጥጥር የሚጀምረው ከአስመጪውና ከተመዘገበው ምርት ነው። በወረቀት ተቋጥሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግሮ የሳምንት ገበያ የደረሰ ዱቄት አስመጪው አይታወቅም፣ ምዝገባም የለውም። ማስጠንቀቂያ ቢኖረው እንኳ ገዢዋ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ተቆጣጣሪው የሚከሰው ሰው ከማግኘቱ በፊት ዱቄቱ ምን እንደሆነ የሚነግረው ውጤት ያስፈልገዋል፤ ያ ውጤት ከቤተ ሙከራ ነው የሚወጣው።

ወደ እኛ ልመለስ። በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎቻችን «ከአካባቢ ተክሎች የተፈጥሮ ቀለም አውጥቶ ጨርቅን ማቅለም» የሚል ርእስ ተወዳጅ መሆኑን የማያውቅ የለም። መጥፎ ርእስ አይደለም። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ጽሑፎች መደምደሚያ ሥራው ሳይጀመር የሚታወቅ ነው፤ ተክሉ ቀለም አለው፣ ቀለሙ ጥጥን ይይዛል፣ ለአካባቢ ተስማሚ ነው። ጨርቁን የሚገዛ ሰው ግን የለም። በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ቤተ ሙከራ ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ መንገድ ላይ፣ ማንም ያልመረመረው ቀለም በሰው ራስ ላይ እየተቀባ ነው። አማካሪዎች «አዲስነት የለውም» የሚሉትን እሰማለሁ። ፒፒዲን መለካት ለዓለም አዲስ አይደለም፤ በሮብ ገበያ በሚሸጠው ከረጢት ውስጥ ስንት በመቶ እንዳለ ማወቅ ግን ለዓለምም አዲስ ነው፣ ለሮብ ገበያም አስፈላጊ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኘ። እንዶድን ከዚያ በፊት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆሞ «ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ ነው ሥራውን በዓለም ያስታወቀው። የእሱን ያህል ግኝት ከገበያ እናገኛለን አልልም። ጥያቄው ከየት መነሣት እንዳለበት ግን ያሳያል።

ሥራው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከአንድ ገበያ፣ በተለያዩ ሳምንታት፣ ከተለያዩ ሻጮች ናሙና መግዛት ይቻላል። የማለስለሻ ክሬምን ኮስቲክነት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቲትሬሽን መለካት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይችላል። ፒፒዲ መኖር አለመኖሩን በስስ ንብርብር ክሮማቶግራፊ ከታወቀ ናሙና ጎን አሂዶ ማየት ይቻላል፤ መጠኑን ለመለካት ደግሞ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ የሚሠራ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ፒፒዲ በመፍትሔ ውስጥ ከአየር ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ስለሚለወጥ ናሙናው ከብርሃን ተሰውሮ፣ አስኮርቢክ አሲድ ወይም ሶዲየም ሰልፋይት ተጨምሮበት፣ ሳይውል ሳያድር ካልተለካ ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ይህን ሳያደርግ «አላገኘሁም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጉዳት ያደርሳል። የሻጮቹ ስም መመዝገብ የለበትም፤ ነጋዴዋ የምትሸጠውን የማታውቅ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ናትና። ውጤቱ ደግሞ በመጽሔት ከመታተሙ አስቀድሞ በአማርኛ ተጽፎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለፀጉር ቤቶቹ መድረስ አለበት።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ገጽ ታትሞ በየፀጉር ቤቱ ሊለጠፍ የሚችል ጽሑፍ በበኩሌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ የጤና ባለሙያዎች ያርሙት። «ጥቁር የሚያደርግ ዱቄት ሂና ብቻ አይደለም። ከመቀባትሽ ከሁለት ቀን በፊት ጥቂቱን በክንድሽ መታጠፊያ ውስጥ ቀብተሽ ተመልከቺ፤ ካሳከከሽ ወይም ካበጠ አትቀቢው። ለሽፋሽፍትና ለቅንድብ፣ ለሕፃን እጅና እግርም ፈጽሞ አይሁን። የምትቀቢ ባለሙያ ከሆንሽ ጓንት አድርጊ፣ በር ክፈቺ። ሰው ከዋጠው ወይም ፊቱ ካበጠ ጊዜ ሳታጠፉ፣ ከረጢቱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።»